በሞንቴሶሪ «የተዘጋጀ አካባቢ» የሚባለው ምንድን ነው?

ሞንቴሶሪ የሚባለው የልጆች ማስተማሪያ ዘዴ ሲነሳ ብዙ ወላጅ ጭንቅላት ውስጥ ቶሎ የሚመጣው የእንጨት መጫወቻ ነው፣ ነጭ ግድግዳ ስር ተደርድሮ ፎቶ የተነሳ፣ ዋጋውም የሚያስደነግጥ። ከዛ «ይሄ ለኛ አይሆንም፣ ከየት አምጥተን» ብለው ይተዉታል። እኔን በጣም ነው የሚቆጨኝ፣ ምክንያቱም ሞንቴሶሪ ውስጥ ከዕቃው በላይ ክብደት ያለው ዕቃው የተቀመጠበት ቦታ ነው፣ እሱ ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ ትንሽ ማሰብና ትንሽ መጎንበስ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ዛሬ ይሄን አንዱን ነገር ብቻ ይዤ ላስረዳ።

የተዘጋጀ አካባቢ፣ ፕሪፔርድ ኢንቫይሮመንት የሚሉት ማለት ነው፣ ባጭሩ ልጁ አዋቂ ሳይጠራ፣ ሳይለምንና ሳይከለከል ራሱ መርጦ፣ ራሱ አንስቶ፣ ራሱ ሰርቶ፣ ሲጨርስም ራሱ ቦታው እንዲመልስ ተደርጎ በልጁ ልክ የተሰናዳ ቦታ ነው። ክላስ ሊሆን ይችላል፣ የሳሎን ጥግ ሊሆን ይችላል፣ አንድ የታችኛው መሳቢያም ቢሆን ይበቃል። እስቲ አንድ ቀን ልብ ብላችሁ አዳምጡ፣ ልጁ «አውርጂልኝ፣ ክፈቺልኝ፣ ስጪኝ» ሲል ይውላል፣ እናንተ ደግሞ «ተው፣ አትንካ፣ ይሰበራል» ስትሉ ትውላላችሁ፣ ማታ ላይ ሁላችሁም ደክሟችኋል። ብዙ ጊዜ እኮ ችግሩ ልጁ ጋር አይደለም፣ ቤቱ ጋር ነው፣ የበር እጀታው፣ የመታጠቢያው ከፍታ፣ የልብስ መስቀያው፣ ወንበሩ፣ ሁሉም ለአዋቂ ቁመትና ለአዋቂ እጅ ነው የተሰራው፣ ልጁ ደግሞ እዛ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ እንደ እንግዳ እያስፈቀደ ይኖራል።

ሀሳቡ የመጣበት መንገድ ራሱ ደስ ይላል። የዘዴው መስራች ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1870 የተወለደች ጣሊያናዊት ናት፣ በ1896 ከሮም ዩኒቨርሲቲ በህክምና ተመርቃ መጀመሪያ አካባቢ የሰራችው የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው ልጆች ጋር ነበር፣ ኢታርና ሴጋን የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሐኪሞች ከሷ በፊት የሰሩትን በደንብ አጥንታ ነው የተነሳችው። ከዛ ጃንዋሪ 6 ቀን 1907 ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሆች ሰፈር እሷ የምትመራው የመጀመሪያው «የልጆች ቤት»፣ ትናንሽ ልጆች የሚውሉበትና የሚማሩበት ቦታ፣ ተከፈተ። የሰፈሩ ወላጆች ቀኑን ሙሉ ስራ ላይ ስለሆኑ ትናንሾቹ ልጆች ህንጻው ውስጥ ያለ ጠባቂ እየዋሉ ግድግዳውን ደረጃውን ያበላሹ ነበር፣ የህንጻዎቹ ባለቤቶችም ይሄን ለማስቆም አንድ ክፍል ሰጡ፣ አጀማመሩ ይሄው ነው። መጀመሪያ ላይ ማቴሪያሎቹ፣ ልጆቹ የሚሰሩባቸው ዕቃዎች ማለት ነው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር የሚቆለፉት፣ መምህሯ ከፍታ ታድላለች፣ ሲያልቅ ሰብስባ ትቆልፋለች። አንድ ቀን ግን መቆለፉን ረስታው ኖሮ፣ ትንሽም አርፍዳ ስትደርስ ልጆቹ ሳጥኑን ከፍተው የየፈለጉትን ይዘው እየወጡ ነው። መምህሯ ስርቆት መሰላት፣ መቀጣት አለባቸው አለች። ሞንቴሶሪ ግን ሌላ ነገር ነው ያየችው፣ እነዚህ ልጆች ዕቃዎቹን በደንብ ስላወቋቸው የሚፈልጉትን መምረጥ ችለዋል ማለት ነው ብላ ቁም ሳጥኑን አስቀርታ ዝቅ ያለና ክፍት የሆነ መደርደሪያ አደረገች። ዛሬ በየትኛውም ሞንቴሶሪ ክላስ የምታዩት በልጅ ደረት ልክ ያለው ክፍት ሼልፍ ከዚህ ነው የመጣው።

እንግዲህ አካባቢው «ተዘጋጀ» ለመባል ቁመት ማሳጠር ብቻ አይበቃም። ወንበርና ጠረጴዛው ቀላል መሆን አለበት፣ ልጁ ራሱ አንስቶ እንዲያዞረው። በዛን ጊዜ የነበሩት ትምህርት ቤቶች ልጅ እንዳይንቀሳቀስ ብለው ከባድ ዴስክ ነበር የሚያስቀምጡት፣ ሞንቴሶሪ ደግሞ በተቃራኒው ቀላል ወንበር ሲጋጭ ይወድቃል፣ ሲወድቅ ይጮሃል፣ ልጁም እንቅስቃሴውን መቆጣጠር ከዛ ድምጽ ይማራል ነው ያለችው። የሚሰበር ብርጭቆና ሳህን የሚሰጡትም ለዚሁ ነው። ፕላስቲክ ኩባያ አስር ጊዜ ቢወድቅ ለልጁ ምንም አይነግረውም፣ ብርጭቆ ግን አያያዝን ያስተምራል። ብዙ ወላጅ እዚህ ጋ ሲደርስ ይደነግጣል፣ ይገባኛል፣ ግን በትንሽ ወፍራም ብርጭቆ ተጀምሮ አጠገቡ ሆናችሁ ብታዩት ልጁ በሁለት እጁ ይዞ እንዴት ተጠንቅቆ እንደሚራመድ ትገረማላችሁ።

ስህተቱን የሚነግረው ሰው ሳይሆን ዕቃው እንዲሆን ማድረግ የሚባለው ነገር ለኔ የሀሳቡ እምብርት ነው። የሲሊንደር ብሎኩን እዩት፣ አንድ ረዘም ያለ እንጨት ላይ 10 ቀዳዳ አለ፣ ለእያንዳንዱ ልክ የሆነ እጀታ ያለው 10 ሲሊንደር አለ። ልጁ አንዱን ቀጭን ሲሊንደር ሰፊ ቀዳዳ ውስጥ ከከተተው መጨረሻ ላይ የማይገባ አንድ ሲሊንደር እጁ ላይ ይቀራል። ማንም «ተሳስተሃል» አላለውም፣ ግን አወቀ፣ ሁሉንም አውጥቶ እንደገና ይጀምራል። ፒንክ ታወሩም እንደዛው ነው፣ ከ1 እስከ 10 ሴንቲሜትር የሆኑ 10 ኪዩቦች፣ ቀለማቸው አንድ፣ ቅርጻቸው አንድ፣ የሚለያዩት በመጠን ብቻ፣ ስለዚህ የልጁ አይን ሌላ የሚያዘናጋው ነገር የለም። ቀለማቸው የተለያየ፣ የሚዘፍን፣ መብራት የሚያበራ መጫወቻ ላይ ይሄ አይገኝም፣ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ስለሚጮህ ልጁ የትኛውን ልብ እንደሚል አያውቅም።

ሌላው ስርዓት ነው፣ እያንዳንዱ ነገር የራሱ የታወቀ ቦታ አለው፣ ሁሌም እዛው ነው። ይሄ ለአዋቂ የንጽህና ጉዳይ ሊመስል ይችላል፣ ለትንሽ ልጅ ግን ከዛ በጣም ያልፋል፣ ሞንቴሶሪ እንደምትለው በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት አካባቢ ልጅ ለቅደም ተከተልና ለቦታ የተለየ ስሜት አለው። ሞንቴሶሪ የጻፈችው አንድ ታሪክ አለ፣ የ6 ወር ህጻን ክፍል ውስጥ አንዲት እንግዳ ገብታ ጃንጥላዋን ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለች፣ ህጻኗ አይኗን ጃንጥላው ላይ ተክላ ማልቀስ ጀመረች፣ ሴትዮዋ ፈልጋው ነው ብላ ብታቀርብላት ጭራሽ ባሰባት፣ እናትየው ነገሩ ገብቷት ጃንጥላውን ከክፍሉ ስታስወጣው ወዲያው ዝም አለች። ጃንጥላ የጠረጴዛ ላይ ዕቃ አይደለማ። «በትንሽ በትልቁ የሚያለቅስ ልጅ» የምንለው አንዳንዴ የለመደው ነገር ቦታ ስለተቀየረበት ነው የሚያለቅሰው፣ እኛ ግን አመል እንለዋለን።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘለው ክፍል፣ አዋቂው ራሱ የአካባቢው አካል ነው። ሼልፉን አሳምራችሁ ልጁ ላይ ከቆማችሁበት ምንም አልተዘጋጀም። የአዋቂው ስራ አንዴ ቀስ ብሎ፣ ወሬ ሳያበዛ ማሳየት ነው፣ ከዛ ወደ ኋላ ብሎ ማየት። እዚያው ሳን ሎሬንዞ ውስጥ የ3 ዓመት ገደማ የሆነች ልጅ ሲሊንደሮቹን ስታወጣ ስትከት ሞንቴሶሪ አየቻት፣ ሌሎቹን ልጆች አስዘፈነች፣ ከነወንበሯ አንስታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት፣ ልጅቷ ግን ሲሊንደሮቿን ጭኗ ላይ ሰብስባ ቀጠለች፣ ከ40 ጊዜ በላይ ደጋገመችው፣ ከዛ ማንም ሳያስቆማት በቃኝ ብላ ተወችው፣ ፊቷም የደከመ ሳይሆን ያረፈ ሰው ፊት ነበር። ይሄን አይነት ትኩረት የሚያቋርጠው «ተው» ብቻ አይደለም፣ «ጎበዝ!» የምንለውም ያቋርጠዋል፣ ልጁ ከስራው ቀና ብሎ እኛን ማየት ይጀምራላ። ትክክለኛ ሞንቴሶሪ ክላሶች ጠዋት ላይ ለ3 ሰዓት ያህል የሚቆይ ጊዜ ሳይቆራረጥ ለልጆቹ የሚተዉት ለዚህ ነው።

እና ቤት ውስጥ ከየት ይጀመር? መጀመሪያ ተንበርከኩና ቤታችሁን በልጁ ቁመት እዩት፣ እውነቴን ነው፣ ካልተንበረከካችሁ አይታያችሁም። ከዛ መድሃኒት፣ የጽዳት ኬሚካል፣ ስለት፣ የኤሌክትሪክ ሶኬት፣ ልጁ ሲንጠላጠልበት የሚወድቅ ቁም ሳጥን፣ እነዚህ መጀመሪያ ይወገዱ፣ ይሸፈኑ ወይ ይታሰሩ፣ ምክንያቱም ነጻነት መስጠት የሚቻለው ቦታው አደጋ ከሌለው ነው። ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፣ ለምሳሌ ውሃ። ልጁ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ትንሽ ማንቆርቆሪያ፣ ግማሽ ድረስ ውሃ፣ አንድ ብርጭቆ፣ አጠገቡ ደግሞ የታጠፈ ጨርቅ። አንዴ ቀስ ብላችሁ ቀድታችሁ አሳዩት፣ ሆን ብላችሁ ጠብታ አፍስሱና በጨርቁ ጥረጉት፣ ጨርቁን መልሳችሁ እጠፉ። በቃ። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለው ውሃ አንድ ብርጭቆ ከሆነ ቢፈስ እንኳ የሚፈሰው አንድ ብርጭቆ ነው፣ ልጁም ጨርቁን እያየው ስለሆነ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፣ እናንተም የምትቆጡበት ምክንያት የለም። ከሳምንት በኋላ ዝቅ ያለ የልብስ መስቀያ ጨምሩ፣ ከዛ የጫማ ቦታ፣ ከዛ መጽሐፍ ሽፋኑ እየታየ ፊቱን አዙሮ የሚቀመጥበት። መጫወቻ ካለ ጥቂቱን ብቻ ሼልፍ ላይ አድርጋችሁ ሌላውን አስቀምጡት፣ ሲሰለቸው ትቀያይራላችሁ። 50 ነገር ቅርጫት ውስጥ የተከመረበት ልጅ ይበትናል እንጂ አይመርጥም።

ታላቅና ታናሽ አንድ ክፍል ውስጥ ከሆኑ ትናንሽ ቁርጥራጭ ያለው የታላቁ ስራ ታናሹ እንዳይደርስበት ጠረጴዛ ላይ፣ የታናሹ ደግሞ መሬት ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ ይሁን። ምንጣፉ ድንበር ነው፣ የተያዘ ስራ ላይ ማንም አይረግጥም። ነጻነት ማለት የፈለገውን ያድርግ ማለት አይደለማ፣ ራሱን፣ ሌላውን ሰውና ዕቃውን የሚጎዳ ነገር ሲመጣ አዋቂው ወዲያው ያስቆማል፣ እዛ ላይ ድርድር የለም። ክላስ ውስጥም ከእያንዳንዱ ማቴሪያል አንድ ብቻ የሚቀመጠው ሌላው ልጅ እስኪጨርስ መጠበቅን እንዲለምዱ ነው።

ትምህርት ቤት ለምትፈልጉም አንድ ነገር ልበል፣ ሞንቴሶሪ የሚለው ስም ባለቤት ያለው ንግድ ምልክት አይደለም፣ ማንም ሰው በሩ ላይ መለጠፍ ይችላል። ስለዚህ ታፔላውን ትታችሁ ክፍሉን እዩ፣ ማቴሪያሉ ልጆቹ እጅ በሚደርስበት ነው ወይስ ለጎብኚ እንዲታይ ከፍ ብሎ ተሰቅሎ አቧራ ለብሷል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉት አንድ ላይ ናቸው ወይስ በየዕድሜያቸው ተከፋፍለዋል፣ ቲቸሯ ፊት ለፊት ቆማ ነው የምታስተምረው ወይስ ከአንድ ልጅ ጋር ዝቅ ብላ ተቀምጣለች፣ ስልጠናውንስ የት ወሰደች። ዓለም አቀፉ የሞንቴሶሪ ማህበር በራሷ በሞንቴሶሪ በ1929 የተመሰረተ ነው፣ አሁንም መምህራን ያሰለጥናል፣ ስለዚህ ይሄን መጠየቅ ነውር አይደለም።

አካባቢው አንዴ ተዘጋጅቶ የሚያልቅም አይደለም። ልጁ አንድ ነገር መንካት ካቆመ ወይ ችሎታል ወይ ገና ነው፣ ወይ ይነሳ ወይ ይቆይ፣ ይሄን የምታውቁት በማየት ብቻ ነው። 6 ዓመት ካለፈው በኋላ ደግሞ ክፍሉ ራሱ ይጠበዋል፣ «ለምን» ማለት ያበዛል፣ ጓደኛ ይፈልጋል፣ ሞንቴሶሪም ለዚህ ዕድሜ ያሰበችው ልጆቹ አንድ ጥያቄ ይዘው ራሳቸው አቅደው ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ወደ ሙዚየም፣ ባለሙያ ወዳለበት ቦታ የሚወጡበትን መንገድ ነው፣ ያኔ የወላጅ ስራ ሼልፍ ማስተካከል ሳይሆን የት መሄድ እንደሚፈልጉ ሰምቶ እንዲያቅዱ ማገዝ ይሆናል።