የብሪታንያ ተማሪዎች በተራራ ላይ ቤት

የብሪታንያ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ለጥቂት ቀናት ከከተማ አውጥተው ወደ ዌልስ፣ ስኮትላንድ ወይም ሰሜን እንግሊዝ ተራሮች ይወስዳሉ። ማደሪያው ብዙ ጊዜ ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ቤት ነው፤ ድሮ ገበሬ ይኖርበት የነበረ። አልጋው ተደራራቢ ነው። ጭቃ የያዘ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ የራሰ ጃኬት ምድጃው አጠገብ ይሰቀላል። ምግብ የሚሠሩትም ዕቃ የሚያጥቡትም ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፣ በተራ። ቀን ቀን ተራራ ይወጣሉ፣ ገደል በገመድ ይወርዳሉ፣ በካርታና በኮምፓስ መንገድ ይፈልጋሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ልጆቹን ይበልጥ የሚያቀራርባቸው ማታ አብረው የሚያበስሉት እራት ነው።

ልማዱ መልክ የያዘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ከናዚ ጀርመን የተሰደደው መምህር ኩርት ሃን ከመርከብ ነጋዴው ሎረንስ ሆልት ጋር በመሆን በ1941 እ.ኤ.አ. ዌልስ ውስጥ አበርዶቪ ላይ «አውትዋርድ ባውንድ» የተባለውን ማሠልጠኛ ከፈተ። ወጣት መርከበኞች መከራ ሲገጥማቸው ቶሎ እጅ እንዳይሰጡ ለማሠልጠን ነበር። በ1951 በእንግሊዝ የደርቢሻየር መስተዳድር ኋይት ሆል የተባለውን የተማሪዎች የተራራ ማዕከል አቋቋመ። ሐሳቡን የገፋው የትምህርት ኃላፊው ጃክ ሎንግላንድ በ1933 የኤቨረስት ጉዞ ላይ የነበረ ተራራ ወጪ ነው።

እንዲህ ባለ ጉዞ ላይ ከደረሱት አደጋዎች ከሁሉ የሚያሳዝነው በስኮትላንድ የኬርንጎርም ተራሮች ላይ የደረሰው ነው። በኖቬምበር 1971 ከኤድንብራ የመጡ ተማሪዎች በሁለት ቡድን ወጡ። ሊያድሩ ያሰቡት ከፍታው ላይ ባለች ከራን በምትባል ትንሽ መጠለያ ነበር። እዚያ ያለው ትልቁ ጫፍ ቤን ማክዱዊ 1,309 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ እንኳ በአንድ ሺህ ሜትር ገደማ ትበልጠዋለች። ለእኛ አገር ሰው ኮረብታ ይመስላል። ክረምቱ ግን ሌላ ነው፤ ንፋስና በረዶ ሲቀላቀሉ ፊት ለፊት ያለ ሰው አይታይም። ጠንካራው ቡድን መጠለያዋ ደረሰ። ሌላው ሳያገኛት ቀረ፣ ሁለት ሌሊትም በረዶ ላይ አደረ። አምስት ተማሪዎችና አንዲት የ18 ዓመት ረዳት ሞቱ።

መጠለያዋ በኋላ ፈረሰች። አናት ላይ ቤት አለ ብሎ የተማመነ ሰው፣ መመለስ ሲገባው ይገፋበታላ! እንደ እኔ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። ማደሪያ መሆን ያለበት ከታች ነው። በ1993 ደግሞ አራት ተማሪዎች በደቡብ እንግሊዝ «ላይም ቤይ» በሚባል ባሕረ ሰላጤ በካያክ፣ ማለትም በትንሽ የቀዘፋ ጀልባ፣ ሲጓዙ ሞቱ። በ1995 ልጆችን ለእንዲህ ያለ ጉዞ የሚያወጡ ማዕከላትን ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ።

ልጆች የጭንቅ ጥሪም ይማራሉ፦ በደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ፊሽካ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ ከዚያ መድገም። ሰማዩ ከከፋ ግን ጥሩ መሪ ጉዞውን ይሰርዛል፣ ልጆቹ ቢያኮርፉም።