ድንጋዩን ማን ወረወረው? የቀድሞ የስታዲየም ረብሸኞችን ስለማነጋገር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎችን አማክራለሁ። የደጋፊዎች ሁከት ከየዓመቱ ርዕሶች የማይጠፋ ነው፤ ኳስ የማይወድ ተማሪ እንኳን ሆጤ ሜዳ አጠገብ ሲያልፍ ጩኸቱን ይሰማል። ዕቅዱም ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ በረብሻ ውስጥ የነበሩ፣ ዛሬ ግን የተዉትን ሰዎች ፈልጎ ማነጋገር። ዕቅዱን እወደዋለሁ። አብረውት የሚመጡት ግምቶች ግን በየዓመቱ አንድ ዓይነት ክርክር ያስነሱብናል።

«እንዲህ ያለ ሰው አያወራም።»

ያወራል። እንዲያውም ለማስቆም ይቸግራል። ሰውየውን ዝም የሚያሰኘው ያለፈ ሥራው ሳይሆን የእኛ ቋንቋ ነው። አንድ ተማሪ ያዘጋጀው የፈቃደኝነት ቅጽ ላይ «የመረጃ ሰጪው ፊርማ» የሚል መስመር ነበረ። ለእኛ ተራ ቃል ነው፤ ለሰውየው ግን መረጃ ሰጪ ማለት ጆሮ ጠቢ ማለት ነው። ተማሪው ይባስ ብሎ «ቃልዎን ልቀበል» አለው። ቃል የሚቀበለው ፖሊስ ነው። ሰውየው ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ሄደ። ቅጹ ላይ «የተጠያቂው» ብንልም የፍርድ ቤት ሽታ አለው፤ አሁን «ያወጋን ሰው» ብለን እንጽፋለን።

«ካወራም ይዋሻል፤ ስለዚህ የሚረባ ነገር አይገኝበትም።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንዲት ተማሪዬ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የሚኖር፣ በወጣትነቱ የታወቀ የደጋፊዎች አስጨፋሪ የነበረ ሰው አገኘችና አብረን ሄድን። ባለቤቱ ቡና አፈላች። አቦል ላይ እርሱና ጓደኞቹ ሃምሳ ሆነው ሦስት መቶ ሰው አባረሩ። ቶናው ሲመጣ የተባረረው ሰው ወደ መቶ ወረደ። በረካው ሲቀዳ ባለቤቱ ከጀበናው ቀና ሳትል «ጫማህን ጥለህ የመጣኸው ያን ቀን አይደል እንዴ?» አለችው። «ወላሂ እሷ ምንም አይጠፋትም» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያም እንዴት እንደፈራ፣ ማን ጎትቶ አውቶቡስ ላይ እንዳወጣው፣ ለምን በማግስቱ ጀግና መስሎ መታየት እንደነበረበት ይነግረን ጀመር።

ሦስት መቶው ሰው ውሸት ነበር። ሦስት መቶ ማለት ያስፈለገው ግን ለምንድን ነው? ጥናቱ ያለው እዚያ ነው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ፒተር ማርሽ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኦክስፎርድ ዩናይትድን ደጋፊዎች ተከታትሎ፣ ከሩቅ ትርምስ የሚመስለው ነገር የራሱ ወግ እንዳለው ጽፏል፦ ዛቻው፣ ጩኸቱና ማባረሩ ብዙ፣ ዱላው ግን ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ማባረር ራሱ ድል ከሆነ፣ የተባረረው ቁጥር ቢያድግ አይገርምም።

የድምፅ ቅጂው ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ። «ሄድን»፣ «ዘፈንን»፣ «ከበብናቸው» ይላል፤ ሁሉም «እኛ» ነው። ድንጋዩ ጋ ሲደርስ «ድንጋይ ተወረወረ» ይላል። ወርዋሪው የለም። ሽሽቱ ላይ ደግሞ «ሮጥኩ»፤ ብቻውን ነው። ተማሪዬ በረቂቋ ላይ «ተሳታፊው ድንጋይ መወርወሩን ገልጿል» ብላ ጽፋ ነበር። አልገለጸም! ያን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አስመለስኳት። አማርኛ አድራጊውን ለመሰወር «ተ» የምትል አንዲት ፊደል ትበቃዋለች፤ ቃለ መጠይቅ አድራጊ ያችን ፊደል ከበላት ከጽሑፉ ምኑ ቀረ?

«ረብሸኛ ማለት ሥራ ፈት ወይም ሰካራም ነው።»

ይህን መልስ ከመስክ በፊት ይዞ የሚሄድ ተማሪ መስክ ባይሄድም ይሻለዋል። እንግሊዝ ውስጥ የሶሺዮሎጂ ተመራማሪዎቹ እነ ኤሪክ ደኒንግ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሁከቱን በአብዛኛው ከዝቅተኛው የሠራተኛ መደብ ጋር አያይዘውት ነበር፤ ከሸፊልድ ዩናይትድ ደጋፊዎች ጋር ዓመታት ያሳለፈው አንትሮፖሎጂስት ጋሪ አርምስትሮንግ ግን ተሟግቷቸዋል። መጠጡን በተመለከተ የዴንማርክ ደጋፊዎችን ማንሳት ይበቃል። ጠጪዎች ናቸው፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሰላማዊነታቸው ስም አውጥቶላቸዋል፦ «ሮሊጋን»፣ «ረጋ ያለ» ከሚለው የራሳቸው ቃል የተወሰደ።

«ስታዲየም ውስጥ ሰው ከሞተ ደጋፊ ረብሿል ማለት ነው።»

በየረቂቁ ምዕራፍ ሁለት ላይ ሄይዝልና ሂልስቦሮ ጎን ለጎን ተደርድረው አገኛቸዋለሁ። ሁለቱ አይገናኙም። እ.ኤ.አ. በ1985 ብራስልስ በሚገኘው ሄይዝል ስታዲየም፣ ከጁቬንቱስ ጋር ከሚደረገው ፍጻሜ በፊት የሊቨርፑል ደጋፊዎች ወደ ተቃራኒዎቹ ተንደረደሩ፤ ሰው ሲሸሽ ግንብ ተደረመሰ፤ 39 ሰዎች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1989 ሸፊልድ በሚገኘው ሂልስቦሮ የሆነው ሌላ ነው፦ ፖሊስ መውጫ በር ከፍቶ ሕዝቡን ቀድሞ ወደ ሞላ ስፍራ አስገባው፤ ሰው ተጨናንቆ ሞተ፤ የሟቾቹ ቁጥር በመጨረሻ 97 ደርሷል። ጥፋቱ በሰከሩ ደጋፊዎች ላይ ተላከከ። የሞቱን ምክንያት የመረመረው ችሎት ጁሪ (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) ደጋፊዎቹ ጥፋት የለባቸውም ያለው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ከ27 ዓመት በኋላ። አክራ ላይ እ.ኤ.አ. በ2001 ለ126 ሰዎች ሞት ምክንያት የሆነው ግፊያ ደግሞ የተነሳው፣ ወንበር ነቅለው ለሚወረውሩ ደጋፊዎች ፖሊስ በአስለቃሽ ጋዝ መልስ ሲሰጥ ነው። እሱ ከሁለቱም ይለያል።

በአገራችንም በ2010 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ውድድር እስከማቆም የደረሰው ዳኛ ከተደበደበ በኋላ ነበር፤ ያን ጊዜ እጁን ያነሳው ከክለቡ ወገን እንጂ ከተመልካች መቀመጫ አልነበረም። «ስፖርታዊ ጨዋነት» የሚለው ስብከት ግን ሁልጊዜ ለተመልካቹ ነው።

«ስም ከቀየርኩ ማንነቱ ተሸፈነ።»

ለንደን ውስጥ ይሆናል። ደሴ ውስጥ «ተሳታፊ ሦስት፣ የቀድሞ አስጨፋሪ፣ አሁን ፒያሳ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበት» ብሎ ጽፎ ስሙን «አበበ» ማለት መሸፈን ነው? ጽሑፉን ያነበበ የባጃጅ ሾፌር ሱቁ ድረስ ያደርስሃል። ከስም በፊት ሰፈሩ፣ ሥራውና ጠባሳው ይቀየር ወይም ይቅር። ኮምቦልቻ ላለውም እንዲሁ ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት ስለወረደ ሰው ከዓይን አይሰወርም።

ከዚህ የከፋው ደግሞ «ምስጢር እጠብቃለሁ» የሚለው የተማሪ ቃል ሕግን የሚመክት መምሰሉ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቦስተን ኮሌጅ ከሰሜን አየርላንድ የቀድሞ ታጣቂዎች የተቀዱ ወጎችን፣ ተናጋሪዎቹ እስኪሞቱ አይከፈቱም በሚል ተስፋ ያስቀምጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የፍርድ ቤት መጥሪያ መጣ፤ ከቅጂዎቹ የተወሰኑት ለፖሊስ ተሰጡ። እኛ ደግሞ በስልክ ቀድተን እዚያው ስልክ ላይ እንተዋለን! ለተማሪዎቼ የምለው አጭር ነው፦ ስለ ስሜቱና ስለ ወጉ ጠይቁ፤ «የማንን መስኮት፣ በየትኛው ቀን ሰበርክ» አትበሉ፤ የገለበጣችሁትን ድምፅ አጥፉ።

«ስምንት ሰው አነጋግሮ ጥናት የለም።»

አለ። ስምንት ሰው የደጋፊውን ሁሉ አሳብ አይነግረንም፤ ስምንቱ እንዴት እንደገቡና እንዴት እንደወጡ ግን ይነግረናል። «አብዛኞቹ ደጋፊዎች» የምትለዋ ሐረግ ከጽሑፉ ትውጣ እንጂ ሰዎቹ አይብዙ።

ያ አስጨፋሪ የተገለበጠውን ወግ ተማሪዬ ወስዳ ስታሳየው በጥንቃቄ አነበበው። ድንጋዩን አልነካውም፤ «እንዳለ ይሁን» አላት። አውጪልኝ ያለው ጫማውን ብቻ ነው፤ አወጣችለት። እኔ እዚህ እንዳነሳው ግን ኋላ ላይ ፈቅዶልኛል፣ እንዳይታወቅ እስካደረግሁት ድረስ። ስለዚህ ሰፈሩ ቧንቧ ውሃ አይደለም። ጥሎት የመጣውም ጫማ አልነበረም።