5ጂ እና የዓይን ቀዶ ሕክምና፦ የቱ ነው የፈጠነው?

የዓይን ቀዶ ሕክምናን በ5ጂ ከሩቅ መምራት ሲባል ብዙ ሰው መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ሩቅ ያለው ሐኪም ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። ቀዶውን የሚሠራው ታካሚው አጠገብ ያለው ሐኪም ነው፤ ሩቅ ያለው ሐኪም ግን አማካሪ ነው፤ ማይክሮስኮፑ ላይ ከተገጠመው ካሜራ የሚመጣውን ምስል እያየ በድምፅ ይመራዋል።

የኔትወርክ ፍጥነት ሲባል ሁለት ነገር ይቀላቀላል። አንዱ በሰከንድ የሚያልፈው የመረጃ መጠን ነው፤ ምስሉን ጥርት የሚያደርገው እሱ ነው። ሌላው መዘግየት፣ ማለትም ምስሉ ከተላከ በኋላ እስኪደርስ የሚያልፈው ጊዜ ነው፤ ዋናው ጣጣ ያለው እዚህ ላይ ነው። በሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና ሌንሱን ከኋላ የያዘው ሽፋን መሃሉ ላይ ከ0.01 ሚሊሜትር ይቀጥናል። መሣሪያው ሲጠጋው አማካሪው «ቆይ!» ይላል፤ ምስሉ የደረሰው ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ከሆነ ግን ሽፋኑ ቀድሞ ተቀዶ ሊሆን ይችላል።

5ጂ የሚያሳጥረው እስከ አንቴናው ድረስ ያለውን መዘግየት ነው። ከዚያ ወዲያ ፋይበር ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ከአዲስ አበባ ለንደን ደርሶ መልስ ቢያንስ 60 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ 6ጂ ቢመጣም ያው ነው። ካሜራውና ምስሉን የሚያምቀው ሶፍትዌር ደግሞ የየራሳቸውን ይጨምራሉ።