ክተት አዋጅ ምንድን ነው? ተራው ገበሬስ ለምን ይዘምት ነበር?

ክተት አዋጅ ሕዝቡ መሣሪያውንና ስንቁን ይዞ በተቀጠረለት ቦታና ጊዜ እንዲሰበሰብ ንጉሡ በነጋሪት ያስነግረው የነበረ የጦርነት ጥሪ ነው።

ከሁሉም የሚታወቀው ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መግቢያ ለአድዋ ዘመቻ ያስነገሩት ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ባሕር ተሻግሮ ስለመጣው ጠላት የሚናገረው ክፍል ነው፤ እኔን የሚይዘኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። «ጉልበት ያለህ ተከተለኝ» ይላሉ። አቅመ ደካማው ለልጁ፣ ለሚስቱና ለሃይማኖቱ ሲል በሐዘን እንዲረዳቸው ይለምናሉ፤ ወስልቶ የሚቀረውን ደግሞ «አልተውህም» ብለው በማርያም ይምላሉ። ልመናና ዛቻ ጎን ለጎን መቆማቸው በአጋጣሚ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ሰዋቸውን ያውቁ ነበር።

የሸዋ ሰው ወረኢሉ እንዲከት የተቀጠረው ለጥቅምት እኩሌታ ነበር። እህሉ ገና ማሳ ላይ ነው፤ በሬዎቹን የፈጀው ክፉ ቀንም ካለፈ ጥቂት ዓመት ብቻ ሆኖታል። ደመወዝ የለም። በሶው ተፈጭቶ፣ ቆሎው ተቆልቶ፣ ድርቆሹ ደርቆ በስልቻ የሚታሰረው ከገዛ ጎተራው ነው፤ ይህን ሁሉ የምታሰናዳው ሚስቱ ናት፤ ብዙዎቹ ሴቶችም አብረው ዘምተዋል።

ታዲያ ለምን ሄደ? አንዱ ምክንያት መሬት ነው። በዘመቻ ግዴታ መሬት የያዘ ሰው ጥሪውን ካልሰማ ርስቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ከዚህ የሚበረታው ግን፣ በእኔ እምነት፣ የጎረቤት ዓይን ነው። ጦሩ የሚሰለፈው በየአገሩ ሹም ስር ስለነበር ዘማቹ የሚሄደው ከወንድሙ፣ ከአማቹና ከማኅበርተኛው ጋር ነው። የቀረው ማን እንደሆነ መንደሩ በስም ያውቃል። ዘማቹ ተመልሶ በድግስ ላይ ሲፎክር፣ የቀረው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል።

ይህን ማንሳት የአድዋን ክብር የሚቀንስ የሚመስለው ሰው አለ። አይቀንስም። የአገር ፍቅሩም እውነት ነው፤ ለዚያ ገበሬ ግን አገር ማለት አስቀድሞ እርሻው፣ ደብሩና አብሮት የሚዘምተው ጎረቤቱ ነበር።

በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ ስትወርም ክተቱ እንደገና ታወጀ። ያኔ በዘመናዊ መንገድ የሰለጠነው የክብር ዘበኛ ቁጥሩ ጥቂት ነበር፤ የሚበዛው ዘማች እንደ አባቶቹ ስንቁን በስልቻ ቋጥሮ፣ የአገሩን ሹም ተከትሎ ነው የወጣው።