ኤሌክትሪክን በኢንፍራሬድ ሌዘር መላክ

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ኤሌክትሪክ በሌዘር ወደ ብርሃን ይለወጣል፣ ብርሃኑ አየሩን አቋርጦ ይሄዳል፣ ማዶ ያለው የሶላር ሴል ተቀብሎ መልሶ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል። ብርሃኑ ኢንፍራሬድ ስለሆነ በዓይን አይታይም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀድሞ የተሞከረው ማይክሮዌቭ፣ ማለትም አጭር የሬዲዮ ሞገድ ነው። በ1975 ካሊፎርኒያ ጎልድስተን ላይ ከ30 ኪሎዋት በላይ 1.5 ኪሎሜትር ያህል ተላከ። ግን ግዙፍ አንቴና ይፈልጋል። የሌዘር ጨረር ብዙ ስለማይበተን መቀበያው ትንሽ ቢሆንም ይበቃል። በ2003 ናሳ 300 ግራም ገደማ የሚመዝን አውሮፕላን አዳራሽ ውስጥ በሌዘር አበረረ።

ዘርፉን ከወረቀት ያወጣው ግን የ2009ኙ የናሳ ውድድር ነው። ካሊፎርኒያ ሮጀርስ በተባለው ደረቅ ሐይቅ ላይ ሄሊኮፕተር ረጅም ገመድ አንጠልጥሎ ቆመ። ባትሪ የሌለው ሮቦት ከመሬት በሚተኮስ ሌዘር ብቻ ገመዱን ይወጣል። ሦስት ቡድኖች ቀረቡ። ሁለቱ ጫፍ አልደረሱም። ከሲያትል አካባቢ የመጣው ትንሹ ሌዘርሞቲቭ 900 ሜትር ያህሉን በሰከንድ 4 ሜትር ገደማ ወጥቶ 900,000 ዶላር ወሰደ። ለትልቁ ሽልማት በሰከንድ 5 ሜትር ያስፈልግ ነበር፤ ለጥቂት አመለጠው። ዛሬ ፓወርላይት ይባላል።

ይኸው ኩባንያ በ2019 ከአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ጋር ሜሪላንድ ውስጥ 400 ዋት 325 ሜትር ላከ። በኃይሉ ላፕቶፕ ሠራ፣ ቡናም ተፈላ። ሰው ወደ ጨረሩ ሲጠጋ ሌዘሩ ራሱ ይጠፋል።

በግንቦት 2025 የአሜሪካ የመከላከያ ምርምር ተቋም ዳርፓ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ከ800 ዋት በላይ 8.6 ኪሎሜትር ላከ። ብርሃኑ ወደ መቀበያው በጠባብ ቀዳዳ ይገባና ከመስታወት ተንጸባርቆ ዙሪያውን በተደረደሩ ሴሎች ላይ ያርፋል። በኃይሉም ፈንዲሻ ፈነዳ። ቡናውም ፈንዲሻውም ተሟላ፤ ዕጣኑ ብቻ ቀረ። ነገር ግን የቆየው 30 ሰከንድ ነው። የጃፓኖቹ ኩባንያዎች ኤንቲቲና ሚትሱቢሺ ሄቪ ኢንዱስትሪስ በዚያው ዓመት አንድ ኪሎዋት ሌዘር ተኩሰው ኪሎሜትር ማዶ 152 ዋት ተቀበሉ፤ 15 በመቶ መሆኑ ነው፣ ለ30 ደቂቃ። ለእኔ ይሄኛው ይበልጥብኛል።

ዋናው ጭቅጭቅ የሞገድ ርዝመት ላይ ነው። ከ1,400 ናኖሜትር በታች ያለው ኢንፍራሬድ ዓይን ውስጥ ዘልቆ ሬቲናን (ከኋላ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ክፍል) ያቃጥላል፤ ከዚያ በላይ ያለው ፊት ለፊት ኮርኒያው (የዓይን የፊት ሽፋን) ላይ ይቀራል። ምርጥ ሴሎች ግን የሚሠሩት በአደገኛው በኩል ነው። የጀርመኑ የምርምር ተቋም ፍራውንሆፈር በ2021 የሌዘር ብርሃንን 68.9 በመቶ ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠው በ858 ናኖሜትር ነበር።