ሰሜን ሸዋና የድራማ ሙያ

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው ሰው የሰሜን ሸዋ ተወላጅ ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ተጉለት፣ ሰያ ደብር ተወልደው፣ ሐረር በራስ መኮንን ቤት አድገው፣ ሩሲያ የመድፈኛ ትምህርት ቀስመው ተመለሱ። አዲስ አበባ ውስጥ ‹‹ቴአትር›› ተብሎ የታየው ግን ዘፈንና ጭፈራ ሆኖ አገኙት። አላስቻላቸውም፤ ከፈረንሳዊው ደራሲ ላፎንቴን ተረቶች ተነስተው ‹‹ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ››ን ጻፉ። አውሬዎቹ የሹማምንቱን ጉቦና ስንፍና የሚያጋልጡ ነበሩና ሥራው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂም እኚሁ የተውኔት ጀማሪ መሆናቸው ዛሬም ያስገርማል።

መንዝ ደግሞ ከበደ ሚካኤልን ሰጠ። ‹‹የትንቢት ቀጠሮ››ን እና ‹‹አኒባል››ን የጻፉት፣ ‹‹ሮሜዎና ዡልየት››ን ወደ አማርኛ የመለሱት እኚህ ሰው ተውኔትን በግጥም አስከብረዋል። አንኮበር ተወልደው ማዕድን ምህንድስና እንዲያጠኑ ወደ እንግሊዝ የተላኩት አፈወርቅ ተክሌ በሥዕል ተመለሱ። ሁሉም ስማቸውን ያገኙት አዲስ አበባ ላይ ነው።

ነገሩ የርቀት ጉዳይ ነው። ደብረ ብርሃን ከዋና ከተማው 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚርቅ፣ ተሰጥኦ ያለው ወጣት ጠዋት ተሳፍሮ ከቀትር በፊት አዲስ አበባ ይገባል። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ስቱዲዮውም እዚያው ሆነ። በደርግ ዘመን በየአውራጃው የተደራጁት የኪነት ቡድኖች ወጣቱን በተወለደበት ቦታ ከበሮ፣ ዜማና ትወና አስተምረውት ነበር፤ ዓላማቸው ቅስቀሳ ቢሆንም የመድረክ ልምምዱ እውነተኛ ነበር። ዛሬ ጀማሪው የሚፍታታው በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ነው።

የኪነ ጥበብ ደጋፊነት ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን ሲገዙ አንጥረኛውንና ሸማኔውን በቤተ መንግሥታቸው ዙሪያ አሰባስበው ያሠሩ ነበር። የዛሬው ደጋፊ ብዙውን ጊዜ በድራማ ስም ያተረፈ ደራሲ ወይም አዘጋጅ ነው፤ ለባህል ቡድን መሰንቆ ይገዛል፣ ለበዓል የአዳራሽና የመኪና ወጪ ይሸፍናል። እንደ እኔ ግን የበለጠው ውለታ ቀረጻውን ወደ አገሩ ማምጣት ነው። የአካባቢው ተራራማ መተላለፊያ ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ጉም ሲውጠው ካሜራ መጠቅለል ግድ ይሆናል፤ የሠራተኛ አበልም ይጨምራል። ማስታወቂያ የሚሰጠው ድርጅት ለዚህ ተጨማሪ ወጪ ቶሎ እጁን አይዘረጋም፤ ታሪኩ የሳሎን ሶፋ ላይ ቢያልቅለት ደስ ይለዋል። በርኖስ የለበሰው የመንዝ ገበሬም በድራማው ውስጥ የሚገባው፣ ሲገባ፣ የግቢ ዘበኛ ሆኖ ለማሳቅ ነው።