የኦርግ ሞድ አጀንዳ፦ የሥራ ዝርዝርን በራስ ልክ ማሰፋት

ኦርግ ሞድ ኢማክስ በሚባለው ቴክስት ኤዲተር (የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም) ውስጥ የሚሠራ የማስታወሻና የዕቅድ መያዣ ነው። አጀንዳ የሚባለው ክፍሉ በተለያዩ ፋይሎች ተበትነው የተጻፉ ሥራዎችን ለቅሞ አንድ ስክሪን ላይ ያሰልፋቸዋል። የትኛው ይታይ፣ የትኛው ይደበቅ፣ ማን ይቅደም፣ ከጎኑ ምን ይጻፍ የሚለውን የሚወስነው ተጠቃሚው ነው። ስልክ ላይ የምንጭናቸው የሥራ መዝገብ አፖች ተሰፍቶ እንደሚሸጥ ልብስ ናቸው፤ ቢጠብም ቢሰፋም መልበስ ነው። ኦርግ ግን ጨርቅና መርፌ ሰጥቶ ዞር ይላል።

ኢማክስ ዕድሜ ጠገብ ነው። በ1976 ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ላብራቶሪ፣ ቴኮ ለሚባል ኤዲተር የተጻፉ የአቋራጭ ትዕዛዞች ስብስብ ሆኖ ተጀመረ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ የምናውቀውን ጂኤንዩ ኢማክስ ሪቻርድ ስቶልማን በ1984 መጻፍ ጀመረ፤ በ1985 ለሕዝብ ለቀቀው። ኦርግ የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። በ2003 በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ካርስተን ዶሚኒክ የሚባል የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ማስታወሻዎቹንና ፕሮጀክቶቹን መልክ ለማስያዝ ጻፈው። ከ2007 ጀምሮ፣ ማለትም ከኢማክስ 22 ወዲህ፣ ከኢማክስ ጋር አብሮ ይመጣል። ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ክፍያ የለውም፤ የሚያንቀሳቅሱትም በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ነው። በኮከብ ምልክት የሚጀምር መስመር ርዕስ ነው። ሁለት ኮከብ ንዑስ ርዕስ፣ ሦስት ኮከብ ደግሞ የንዑሱ ንዑስ ነው። ከኮከቡ ቀጥሎ ቱ-ዱ የሚል ቃል ከተጻፈ ርዕሱ ሥራ ይሆናል። በመስመሩ መጨረሻ፣ በሁለት የ«:» ምልክቶች መሃል የሚገባ ቃል መለያ ነው፤ ተጠቃሚዎች ታግ ይሉታል። ቅድሚያ የሚሰጠው ሥራ ኤ፣ ቢ ወይም ሲ ይጻፍበታል። በቃ ይኸው ነው። ኢማክስ ባይኖር እንኳ ፋይሉን በማንኛውም ኤዲተር ከፍቶ ማንበብ ይቻላል። ሃያ ዓመት የቆየ ፋይል ዛሬም ይከፈታል፤ ከአፕ ወደ አፕ ሲሰደድ የኖረ ሰው የዚህ ዋጋ ይገባዋል።

መጀመሪያ ቀኖቹ

አጀንዳዬ ተዝረከረከ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ሴቲንግ ላይ አይደለም። ቀን አጻጻፉ ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ልኬቱ ከመግባታችን በፊት እዚህ ጋ ቆም እንበል።

ኦርግ ቀንን በሦስት መንገድ ይይዛል። አንደኛው በ«< >» ቅንፍ ውስጥ የተጻፈ ባዶ ቀን ነው። ይህ ለቀጠሮ ነው። የሐኪም ቀጠሮ፣ ሠርግ፣ ስብሰባ። በዕለቱ ይታያል፤ ዕለቱ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። ሁለተኛው ስኬጁልድ የሚል ቃል የሚቀድመው ቀን ነው። ትርጉሙ «ይህን ሥራ የዚያን ቀን እጀምራለሁ» ማለት ነው። ልዩነቱ ወሳኝ ነው፤ ሥራው ካልተጠናቀቀ በማግስቱም ይመጣል፤ በሠልስቱም ይመጣል። ከጎኑ ስንት ቀን እንደዘገየ እየቆጠረ እንደ አበዳሪ በየጧቱ በር ያንኳኳል። ሦስተኛው ዴድላይን ነው። ይህኛው ቀኑ ሳይደርስ ማስጠንቀቅ ይጀምራል፤ ካልተነካ 14 ቀን ቀድሞ።

እኔ በጀመርኩ ሰሞን ሁሉንም ነገር ስኬጁልድ አደረግሁ። «ሰኞ እጀምራለሁ» የሚለው የሁላችንም በሽታ ስለሆነ ሁሉም ሥራ ሰኞ ላይ ወደቀ። ከዚያ ማክሰኞ፣ ከዚያ ረቡዕ፣ ያው ዝርዝር እየረዘመ መጣ። በመጨረሻ አጀንዳውን መክፈት ራሱ አስጠላኝ። መፍትሔው የቀለም ሴቲንግ መቀየር ሳይሆን የግድ ቀን የማያስፈልጋቸውን ሥራዎች ቀን አልባ ማድረግ ነበር። ቀን የሌለው ሥራ አይጠፋም፤ በሌላ ዕይታ ይጠራል።

ከፋብሪካ የሚመጡት ዕይታዎች

አጀንዳው የሚለቅመው ከተነገሩት ፋይሎች ብቻ ነው። አንድ ፋይል ከፍቶ ኮንትሮልና ሲ፣ ቀጥሎ የግራውን ቅንፍ «[» መጫን ፋይሉን ወደ ዝርዝሩ ያስገባዋል፤ የቀኙ ቅንፍ ያስወጣዋል። ከዚያ በልማድ ኮንትሮልና ሲ፣ ቀጥሎ ኤ ሲጫን ምናሌ ይከፈታል። ኤ የሳምንቱን ወይም የቀኑን መርሐ ግብር፣ ቲ ያልተሠሩ ሥራዎችን በሙሉ፣ ኤም በመለያ የተፈለጉትን፣ ኤስ በቃል የተፈለጉትን ያመጣሉ። የፓውንድ ምልክቱ (#) የቆሙ ፕሮጀክቶችን ያሳያል፤ ማለትም ቀጣይ እርምጃ ያልተጻፈላቸውን። ይኼኛው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ግን ዓርብ ከሰዓት ቢከፈት ብዙ ጉድ የሚያወጣ ዕይታ ነው።

አጀንዳው ከተከፈተ በኋላም ሕይወት አለው። ዲ ሲጫን የአንድ ቀን፣ ደብልዩ ሲጫን የሳምንት ይሆናል። ኤፍ ወደፊት፣ ቢ ወደኋላ ይወስዳል። ቲ የሥራውን ሁኔታ ይቀይራል፤ ለውጡም እዚያው ዋናው ፋይል ላይ ይጻፋል። ኤል ሲጫን ደግሞ የተጠናቀቁበት ጊዜ የተመዘገበላቸውም ብቅ ይላሉ። «ዛሬ ምን ሠራሁ?» ለሚለው የማታ ጥያቄ መልሱ እዚያ ነው።

መርፌና ክር

ልክ ማውጣት የሚጀምረው ከትናንሾቹ ነው። የሳምንቱ ዕይታ ካልተነካ ከሰኞ ይጀምራል። ሐሙስ ላይ ሆኖ ያለፉትን ሦስት ቀናት ማየት የማይፈልግ ሰው ከዛሬ እንዲጀምር ማድረግ ይችላል፤ አንድ መስመር ነው። ስንት ቀን ይታይ የሚለውም እንዲሁ። የተጠናቀቀ ሥራ ቀን ስላለው ብቻ እንዳይታይ፣ ዴድላይኑ የሚታይ ሥራ በስኬጁልድ በኩል ሁለተኛ እንዳይመጣ ማድረግም ይቻላል። እነዚህ ብቻ ገጹን በግማሽ ያቀሉታል።

ዋናው ሥራ ግን የራስን ትዕዛዝ ማዘጋጀት ነው። በኢማክስ ሊስፕ የፕሮግራም ቋንቋ በአንድ ዝርዝር ውስጥ አምስት ነገሮች ይጻፋሉ፦ የሚጫነው ፊደል፣ የዕይታው ስም፣ የዕይታው ዓይነት፣ የሚፈለገው ነገር፣ ለዚያ ዕይታ ብቻ የሚሠሩ ሴቲንጎች። የመጨረሻው ነጥብ ነው የኦርግ ጉልበት። ዴድላይን በጠቅላላው 14 ቀን ቀድሞ ያስጠነቅቅ፤ በጧት ዕይታዬ ላይ ግን 3 ቀን ብቻ ይበቃኛል ማለት ይቻላል። አንዱ ሌላውን አይነካም። ሊስፕ ቅንፍ ይወዳል፤ አንዷ ከጎደለች ኢማክስ ሲነሳ «ፋይሉ ሳያልቅ አለቀ» ዓይነት ስሞታ ያሰማል። ይህን የሚፈራ ሰው ምናሌው ላይ ትልቁን ሲ ቢጫን ቅንፍ ሳይነካ የሚሞላው ቅጽ ይከፈትለታል።

የሚፈለገው ነገር አጭር ቀመር ነው። «+ቢሮ-ስልክ» ማለት የቢሮ ሥራ ሆኖ በስልክ የማይሠራውን አምጣ ማለት ነው። «ቢሮ|ቤት» ደግሞ ወይ የቢሮ ወይ የቤት። ቅድሚያውንም፣ የርዕሱን ደረጃም፣ ራሳችን የፈጠርነውን ባሕርይም ጨምሮ መጠየቅ ይቻላል። በአማርኛ የተጻፉ መለያዎችም ሆኑ እንደ «ይሠራል»፣ «ይጠበቃል»፣ «አልቋል» ያሉ የሥራ ሁኔታ ቃላት ያለችግር ይሠራሉ።

ከዚያ የሚመጣው ብሎክ የሚባለው ነው፤ ብዙ ዕይታዎችን አንድ ገጽ ላይ መደርደር። የእኔ የጧት ገጽ ሦስት ብሎክ አለው። ከላይ የዛሬ መርሐ ግብር ብቻ። ከሥሩ ኤ የተጻፈባቸው ሥራዎች። ከሁሉም በታች «ይጠበቃል» የተባሉት፣ ማለትም ኳሱ በሌላ ሰው እግር ላይ ያለባቸው። ለእያንዳንዱ የራሱ ርዕስ በአማርኛ ሰጥቼዋለሁ። ሁለተኛው ብሎክ ላይ አንድ ተንኮል አለ። ኤ የተባለ ሥራ ቀን ካለው ከላይም ከታችም ይመጣል። ስለዚህ ቀን ያላቸውን ዝለል የሚል ማጣሪያ ይጨመራል። ብሎክ ሠርተው «ለምን ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ሆነ?» የሚሉ ሰዎች የጎደላቸው ይኸው ዝለል ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። የመርሐ ግብር ዕይታ እንደ መለያ ፍለጋው ቀመር አይቀበልም። የቢሮውን ብቻ ለማየት ሲከፈት የሚሠራ ማጣሪያ አስቀድሞ ማስቀመጥ ይቻላል። ግን ያ ማጣሪያ የገጹ በሙሉ ነው። ከሦስት ብሎኮች ለአንዱ ብቻ ይሁን ቢባል በአስተማማኝ ሁኔታ አይሠራም፤ የኦርግ መመሪያ ሰነድም በግልጽ ይናገራል። እኔ ይህን ሳላነብ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አቃጥያለሁ።

ከእያንዳንዱ ሥራ በስተግራ የሚመጣው ጽሑፍም በልክ ይሰፋል። ካልተነካ መጀመሪያ ምድቡ፣ ቀጥሎ ሰዓቱ፣ ከዚያ የቀኑ ዓይነት ይመጣል። ምድቡ ሌላ ካልተባለ የፋይሉ ስም ነው። ሁሉንም ሥራ በአንድ ፋይል ለሚይዝ ሰው ያው ቃል በየመስመሩ ይደጋገምበታል፤ አውጥቶ መጣል ነው። በቦታው ሥራው ይወስዳል ተብሎ የተገመተውን ጊዜ ወይም ያለበትን ፕሮጀክት ማስገባት ይቻላል። ቅደም ተከተሉም እንዲሁ ለየዕይታው በሰዓት፣ በቅድሚያ፣ በምድብ ወይም በስም ይደረደራል።

ለዚህ ሁሉ ትዕግሥት ለሌለው ሰው ኦርግ ሱፐር አጀንዳ የሚባል ተጨማሪ ፓኬጅ አለ። ሥራዎቹን በየረድፉ በቡድን ይከፍላቸዋል፤ አንድ ሥራ መጀመሪያ የገጠመው ቡድን ውስጥ ገብቶ ይቀራል። በአንድ ዕይታ ውስጥ ያው ሥራ በሁለት ቡድን አይደጋገምም ማለት ነው። ቆንጆ ነው። ግን ከእሱ በፊት ያለ እሱ መሞከር ይሻላል ባይ ነኝ።

ፋይሎቹ ሲበዙ አጀንዳው ይንቀራፈፋል፤ በተጠራ ቁጥር ሁሉንም ስለሚያነብ። ያለቁ ሥራዎችን ወደ ማኅደር ፋይል ማዛወር፣ አሮጌ ፋይሎችን ከዝርዝሩ ማስወጣት ያቀለዋል። አንዴ የተሠራው ገጽ ሲዘጋ እንዳይጠፋ ማድረግም ይቻላል፤ ያኔ ግን ማደሱን መርሳት የለም።

የእኛ ቀንና ሰዓት

ኢማክስ ለግዕዝ ፊደል እንግዳ አይደለም። የሰላምታ ገጹ ላይ በብዙ ቋንቋ ከተጻፉት መካከል የአማርኛው «ሠላም» አለ። ኢትዮፒክ የሚባል የአጻጻፍ ዘዴም አብሮት ይመጣል፤ ምንም ሳይጭኑ በላቲን ኪቦርድ አማርኛ ይጻፋል። አጀንዳውን አማርኛ ማድረግም ከሚታሰበው ይቀላል። የብሎክ ርዕሶቹ የራሳችን ናቸው። «በ5 ቀን ውስጥ»፣ «5 ቀን አልፎታል» የሚሉት የዴድላይን ማስታወቂያዎች እንኳ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ይቀየራሉ። የሚያስቸግረው አሰላለፉ ነው። ለኮድ በሚመረጡ ፎንቶች ውስጥ የግዕዝ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ስለማይኖር ኢማክስ ከሌላ ፎንት ይበደራል። የተበደረው ደግሞ ሰፋ ይላል፤ በቀኝ በኩል የተደረደሩት መለያዎች ይወላገዳሉ። እኔ መለያዎቹን ከአጀንዳው ላይ ደብቄ ተገላገልኩ።

ሰዓቱ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። የቀኑ ሰንጠረዥ ካልተነካ ከ8:00 እስከ 20:00 በየሁለት ሰዓቱ መስመር ያሰምራል። 8:00 የሚለው በእኛ ከጧቱ 2 ሰዓት ነው፤ 20:00 ደግሞ ከምሽቱ 2። ቀጠሮ ሲነገር ሰምቶ እንደሰማው የጻፈ ሰው የጧቱን 2 ሰዓት ስብሰባ ከሌሊቱ 8 ላይ ያገኘዋል።

ዘመን አቆጣጠሩን ግን ያውቀዋል። የኢማክስ ካሌንደር ላይ አንድ ቀን መርጦ ፒ፣ ቀጥሎ ኢ ቢጫኑ የኢትዮጵያው ቀን ከታች ይጻፋል። አጀንዳው ውስጥ ደግሞ ቀኑ ላይ ቆሞ ትልቁን ሲ መጫን ነው። የዕብራይስጡ፣ የእስልምናው፣ የማያው፣ የፋርሱና የቻይናው አቆጣጠር ተዘርዝሮ ይመጣል። የእኛው ከግብጾቹ ከቅብጦች ጎን ይገኛል፤ ሁለቱ ወሮቻቸው አንድ ቀን ስለሚገቡ ኢማክስም የሚያሰላቸው በአንድ ፋይል ውስጥ ነው። በየቀኑ እንዲታይ የሚፈልግ ሰው ይህንኑ የሚጠራ አንድ መስመር፣ በሁለት ፐርሰንት ምልክት ጀምሮ፣ አጀንዳ ፋይሉ ውስጥ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ በየዕለቱ ሥራዎች መሃል አንድ የኢትዮጵያ ቀን ይቀመጣል። ጳጉሜንም አልረሷትም፤ የወሮቹ ስም ግን በላቲን ፊደል ነው የሚመጣው።